ክረምቱ ሳይገባ የጎንደርን የመንገድ ዳር ዛፎች እንዴት እንመርምር፣ እንዴት እናክም?

ግንቦት ላይ ጎንደር የለመደችው ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነፋሱ አቧራ ተሸክሞ ይመጣል፣ ዝናቡ ይከተላል። በማግስቱ የሆነ ሰፈር ላይ ቅርንጫፍ መንገድ ዘግቶ ወይም የመብራት ሽቦ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ከዚያ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ "ይሄ ዛፍ ድሮ መቆረጥ ነበረበት" ይላል። ሌላው "ምንም ያልሆነ ዛፍ እኮ ነው፣ ምን ነካው?" ይላል።

ሁለቱም ብዙ ጊዜ ልክ አይደሉም። ትልቅ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ከመውደቁ ከዓመታት በፊት ምልክት ያሳያል። ምልክት ያሳየ ዛፍ ሁሉ ደግሞ መቆረጥ የለበትም፤ ብዙው በትንሽ ሥራ ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ይህ መመሪያ ደጁ ላይ ትልቅ ዛፍ ላለው ሰው፣ ለቀበሌ ኮሚቴ፣ ለትምህርት ቤትና ለሰበካ ጉባኤ የተጻፈ ነው። ምርመራውን ማንም ጠንቃቃ ሰው ሊሠራው ይችላል። ዛፍ ላይ መውጣትና የሞተር መጋዝ መያዝ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። እሱን ከአሁኑ እንስማማ።

1. መጀመሪያ ከዛፉ በታች ማን እንዳለ እዩ

ብዙ ሰው ዛፍ ሊመረምር ሲወጣ አንጋጦ ይጀምራል። ቅድሚያ መታየት ያለበት ግን መሬቱ ነው። አደጋ የሚባለው የሚወድቅ እንጨትና የሚወድቅበት ሰው ሲገናኙ ነው። አንገረብ ዳር፣ ሰው የማያልፍበት ገደል ላይ ውስጡ የበሰበሰ ባሕር ዛፍ ቢኖር ተዉት። ለወፍና ለንብ ቤት ነው። ያው ዛፍ ፒያሳ ባጃጅ የሚሰለፍበት ቦታ ላይ ቢቆም ግን ዛሬውኑ ሥራ ይጠይቃል።

የዛፉን ቁመት በዓይን ገምቱ። ያንን ያህል ርቀት ከግንዱ በአራቱም አቅጣጫ ተራመዱ። በዚያ ክብ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጻፉ፦ ቤት፣ ሱቅ፣ አጥር፣ ሽቦ፣ የቆመ መኪና። ከሁሉም በላይ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አስተውሉ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ከዛፉ በታች የሚሆነው ለጥቂት ሴኮንድ ነው። ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናት። ሊስትሮው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጁን የሚጠብቀው ወላጅም እንደዚሁ። ሰው የሚቀመጠው ጥላ ፍለጋ ስለሆነ ትልቁ ዛፍና ብዙው ሰው ሁሌም አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

ጎንደር ላይ ደግሞ የበዓል ጉዳይ አለ። ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያሉ ዛፎች በአዘቦቱ ብዙ ሰው የለባቸውም። ጥር 10 እና 11 ግን መቆሚያ ይጠፋል። ጎረምሳው ታቦቱን ለማየት ቅርንጫፍ ላይ ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው መሞቱን ከተማው አይረሳውም። የሰው ክብደት ቀላል ነገር አይደለም። የራሱን ቅጠል ተሸክሞ ለዓመታት የኖረ ቅርንጫፍ አሥር ጎረምሳ ሲጨመርበት ሌላ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ በዓል የሚከበርበት ቦታ ያለ ዛፍ ታኅሣሥ ላይ ለብቻው አንድ ዙር ይታይ።

2. መቼ ይመርመር?

በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። አንዱ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው እንጉዳይ በዝናብ ብቅ ስለሚል የተደበቀው ይጋለጣል። ሁለተኛው መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ነው። ችግር ከተገኘ ሰኔ ሳይገባ ለመሥራት ጊዜ ይኖራል። ከከባድ ነፋስ በኋላ ግን ወር ሳይቆጥሩ መውጣት ነው።

3. ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ውድ ነገር አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የጎማ ወይም የእንጨት መዶሻ፣ ጫፉ የሾለ አንድ ሜትር ያህል ቀጭን ፌሮ፣ አፈር መጫሪያ፣ ደብተርና የስልክ ካሜራ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከተገኘ እሰየው። የብረት መዶሻ ግን ይቅር፤ ልጡን ይጎዳል።

ለእያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ስጡ። ፎቶውን በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ አንሱ። "አምና እንዲህ ነበር እንዴ?" የሚለው ክርክር የሚያልቀው በፎቶ ነው።

4. ዛፉን በስሙ እወቁት

ሁሉም ዛፍ አንድ ዓይነት አይደለም። ጃንተከል ላይ ያለውን ዓይነት ዋርካ ውስጡ ቢቦረቦርም አዲስ እንጨት እየጨመረ ረጅም ዘመን ይቆማል። የዋርካና የሾላ አሳሳቢ ነገር ወደ ጎን ርቀው የሚሄዱት ከባድ ቅርንጫፎች ናቸው። ዋንዛ ዝቅ ብሎ ስለሚከፈል ባላው ላይ ማተኮር ያስፈልጋል። የወይራና የጥድ ልብ በቀላሉ አይበሰብስም። አንድ ጎኑ ደርቆ ነጭ የሆነ ጥድ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ እንዳሉት ያለ ሽማግሌ ዛፍ፣ ስላስጠላን ብቻ አይፈረድበትም።

ግራቪሊያና ጃካራንዳ በቶሎ ያድጋሉ፣ ቅርንጫፋቸውም በቶሎ ይሰበራል። የፈረንጅ ጥድ ሥሩ ጥልቅ አይደለም። ቅጠል እስከሌለው ድረስ ከቆረጡት ደግሞ እንደገና አያቆጠቁጥም። ባሕር ዛፍ የራሱ ጠባይ አለው። ነፋስ በሌለበት፣ ጭር ባለ ሞቃት ቀን ትልቅ ቅርንጫፍ ዱብ ሊያደርግ ይችላል። አሮጌ ባሕር ዛፍ ስር ወንበር የሚደረድር ሰው ካለ ቦታ እንዲቀይር ብትነግሩት አይከፋም።

5. ከሩቅ እዩት

ከ20 እስከ 30 ሜትር ራቁ። ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ ተመልከቱ። ቅጠሉ አንድ ጎን ብቻ ሳስቷል? ጫፍ ጫፉ እየደረቀ ወደ ታች እየመጣ ነው? ጫፉ የሚደርቅ ዛፍ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ሥሩ ላይ ነው።

ዘንበል ማለት በራሱ ወንጀል አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ዘንበል ብሎ ያደገ ዛፍ ጫፉን ወደ ላይ አቅንቶ ሚዛኑን ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ጠመም ያለ ግንድ የድሮ ጉዳይ ነው። የሚያስፈራው ቀጥ ያለ ግንድ ይዞ ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን የተጋደመው ነው። ያ አዲስ ነው። እንዲህ ያለ ካያችሁ ከማዘንበሉ በተቃራኒ በኩል ያለውን መሬት ፈትሹ። አፈሩ ተነስቶ ወይም በግማሽ ክብ ተሰንጥቆ ከሆነ ሥሩ መነቀል ጀምሯል። ምርመራው እዚያ ላይ ያበቃል። ሰውን አርቁ፣ መንገዱን ዝጉ፣ ለማዘጋጃ ቤት ደውሉ።

ዋልካ አፈር ባለበት ሰፈር አንድ ጥንቃቄ አለ። ዋልካ በበጋ ያለ ዛፍም ይሰነጠቃል። የዋልካ ስንጥቅ ሜዳውን ሁሉ ይሸፍናል። የሥር ስንጥቅ ግን ግንዱን ከቦ በአንድ በኩል ብቻ ይታያል።

6. እግሩ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይሄ ነው። ግማሹ መልስ ያለው ግን እዚህ ነው።

ጤነኛ ዛፍ መሬት ሲደርስ ይሰፋል፤ ትልልቆቹ ሥሮች ከግንዱ እንደ እግር ተዘርግተው ወደ አፈር ይገባሉ። ግንዱ ሳይሰፋ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ ከገባ፣ አንድ ሰው አፈር ወይም የግንባታ ትራፊ ደፍቶበታል ማለት ነው። የተቀበረ ግንድ ልጡ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። በመጫሪያው ቀስ ብላችሁ የሥሩ መነሻ እስኪታይ ግለጡት።

ከዚያ በፌሮው በሥሮቹ መካከልና ከሥሮቹ በታች ወጋ ወጋ አድርጉ። ደህና ሥር ብረቱን ይመልሳል። የበሰበሰ ሥር ብረቱን ይውጣል። ከግንዱ እግር ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ጠንካራ፣ ላዩ ቡናማ የሆነ እንጉዳይ ካለ ፎቶ አንሱና ስንት ጎን እንደያዘ ጻፉ። ይህን እንጉዳይ ነቅሎ መጣል ምንም አይጠቅምም። የምታዩት ፍሬውን ነው፤ ዋናው አካል እንጨቱ ውስጥ ተዘርግቷል።

ቀጥሎ የቁፋሮ ጥያቄ ነው። ባለፉት አምስትና ስድስት ዓመታት አጠገቡ መንገድ ተሠርቷል? የእግረኛ ንጣፍ፣ የውሃ ቱቦ፣ ቦይ? ጎረቤት ጠይቁ፣ ያስታውሳሉ። አብዛኛው የዛፍ ሥር የሚኖረው ከላይ ባለው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ "ትንሽ ነው የቆፈርነው" የሚባለው ቦይ ዛፉ በአንድ በኩል ያቆመውን እግር ሊያሳጣው ይችላል። ዛፉ ሥሩ በተቆረጠ ማግስት አይወድቅም። ቅጠሉም ለጊዜው አይጠወልግ ይሆናል። ሁለት ሦስት ክረምት አልፎ፣ ቆራጩም ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ፣ አፈሩ በረጠበበት ቀን ነፋስ ይመጣል።

መጠኑን በቁጥር ማወቅ ይቻላል። ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ በሜትር ለኩ። ለ3.14 አካፍሉ። ዙሪያው 188 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። የውፍረቱ 12 እጥፍ፣ ማለትም 7.2 ሜትር ድረስ፣ ሥሩ ሊጠበቅ ይገባዋል። የውፍረቱ 3 እጥፍ፣ 1.8 ሜትር ውስጥ ግን ሥር መቁረጥ ዛፉን የያዘውን ምሰሶ መቁረጥ ነው። የሚቆፍር ተቋራጭ ከመጣ ይህን ስሌት በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። "እባክህ ተጠንቀቅ" ከማለት ይልቅ "1.8 ሜትር" ማለት ይሠራል።

በመጨረሻ ልጡን ዙሪያውን እዩ። ክረምት ላይ በቆሎ የሚጠበስበት ዛፍ ካለ ምድጃው የተደገፈበትን ጎን ፈትሹ። ልጡ ጠቁሮ፣ ተሰንጥቆ፣ በጣት ሲነኩት ከእንጨቱ ተላቆ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ሞቷል። ከሥሩ ምስጥና ጉንዳን መንገድ ጀምረው ይሆናል። ምድጃው አንድ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ቢል ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

7. ግንዱን አንኳኩ

ላዩ አልጋ ውስጡ ቀጋ የሚባል ግንድ አለ። በመዶሻው ከእግሩ ጀምራችሁ ዙሪያውን፣ ከዚያ እስከምትደርሱበት ከፍታ ድረስ ምቱ። ደህናው ግንድ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። የተቦረቦረው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ጆሯችሁ እንዲለምድ መጀመሪያ ጤነኛ መሆኑን የምታውቁትን ዛፍ ምቱ። ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ በጠመኔ አስምሩ።

ክፍት አፍ ያለው ግንድ ከሆነ ፌሮውን አስገብታችሁ ጥልቀቱን ለኩ። አፉ ላይ የሰጋቱራ ዓይነት ዱቄት ተከምሮ እንደሆነ፣ ጉንዳን እየገባ እየወጣ እንደሆነ እዩ። የአፉን ከንፈርም በእጃችሁ ዳስሱት። ድቡልቡል ብሎ ወፍሮ የተጠቀለለ ከንፈር ዛፉ አሁንም በጉልበት አዲስ እንጨት እየሠራ መሆኑን ይናገራል። ቀጭን፣ ደረቅና የተሰነጠቀ ከንፈር ደግሞ ተቃራኒውን። እኔ ከጉድጓዱ ስፋት ይልቅ ከንፈሩን አምናለሁ። ንብ ከሰፈረበት ግን እጅ አይገባም፤ መጀመሪያ ንብ አናቢ ይጠራ።

ባዶ መሆን ብቻውን አያስፈርድም፤ ቱቦም ባዶ ሆኖ ጠንካራ ነው። ጥያቄው የቀረው ግድግዳ ስንት ነው የሚል ነው። ክላውስ ማቴክ የተባለ ጀርመናዊ የወደቁና የቆሙ ዛፎችን አወዳድሮ ያወጣው መለኪያ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። ጤነኛው ግድግዳ ከግንዱ ግማሽ ውፍረት ሲሶ ገደማ ካነሰ መስጋት ይገባል። ከላይ ያነሳነው የ60 ሴንቲ ሜትር ግንድ ግማሽ ውፍረቱ 30 ነው። ስለዚህ ግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ይህ ግን የሚሠራው ግንዱ ዙሪያውን ዝግ ሲሆን ነው። የጉድጓዱ አፍ ከዙሪያው ሲሶ በላይ ከሆነ ስሌቱን ተዉትና ባለሙያ ጥሩ።

ስንጥቅ ከጉድጓድ ይብሳል። በተለይ ሁለት ስንጥቅ ፊትና ኋላ ተያይተው ከቆሙ ግንዱ ለሁለት ተከፍሎ እየሠራ ነው ማለት ነው። በነፋስ ጊዜ ከሩቅ ሆናችሁ ስንጥቁ ሲከፈትና ሲዘጋ ካያችሁት ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

8. ባላውና ቅርንጫፉ

ግንዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ እዩ። እንደ "ዩ" ፊደል ሰፋ ብሎ የተከፈለ ባላ ጠንካራ ነው። እንደ "ቪ" ፊደል ጠቦ፣ በመካከሉ ልጥ ወደ ውስጥ ታጥፎ የገባ ባላ ግን ሁለቱ ግንዶች አልተጋመዱም። እያደጉ ሲሄዱ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ከባላው በታች ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ያበጠ ነገር ካለ ዛፉ ራሱ ድክመቱን አውቆ ለመደገፍ እየታገለ ነው። ከባላው ወደ ታች የሚፈስ ጥቁር እርጥበት ደግሞ ስንጥቅ እንዳለ ይጠቁማል።

ቅርንጫፍ ላይ የሚፈለገው ቀላል ነው። የደረቀ፣ ተሰብሮ የተንጠለጠለ፣ ወይም ቅጠሉን ሁሉ ጫፉ ላይ ብቻ ተሸክሞ ርቆ የሄደ። ደግሞ ድሮ አናቱ ተቆርጦ ከዚያ በኋላ ያቆጠቆጠ። ይህ የመጨረሻው በከተማችን በጣም የተለመደ ነው። ወደ ሕክምናው ስንደርስ እመለስበታለሁ።

9. ፍርዱን ስጡ

ለእያንዳንዱ ዛፍ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የመሰበር ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቢሰበር ሰው ወይም ንብረት ላይ ያርፋል? ቢያርፍ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ሦስቱም ከፍ ካሉ ነገ አይባልም። ሁለቱ ከፍ ካሉ ከሰኔ በፊት ይሠራ። ከዚያ በታች ከሆነ በደብተሩ ላይ ጽፎ በሚቀጥለው ዙር ማየት በቂ ነው። ሁሉንም "አደገኛ" ብሎ ለማዘጋጃ ቤት ዝርዝር ማቅረብ የትኛውም እንዳይሠራ ማድረግ ነው።

10. ሕክምናው

ከሁሉ የሚቀድመው ርካሹ ነው። ሰውን አንቀሳቅሱ። አግዳሚ ወንበሩን፣ የባጃጅ ተራውን፣ የቡናውን ድንኳን ከቅርንጫፉ ግርጌ አምስትና ስድስት ሜትር ፈቀቅ ማድረግ ከመጋዝ ይበልጣል። ዕድሜ ጠገብ ዋርካ ከሆነ ዙሪያውን በዝቅተኛ አጥር ከልሎ አበባ መትከልም ይቻላል። ሰዉ ሳይከለከል ራሱ ይርቃል።

ቀጥሎ የደረቀና የተሰበረውን ማውረድ ነው። አብዛኛው አደጋ በዚህ ብቻ ይቀንሳል።

ረዝሞ የከበደውን ሕያው ቅርንጫፍ ከግንዱ መቁረጥ አያስፈልግም። ጫፉን ማሳጠር ይበቃል። ክብደቱ የሚያመዝነው ጫፉ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሲቀነስ ጫናው በብዙ ይቀላል። ሲያጥር ግን ዝም ብሎ መሃል ላይ አይቆረጥም። ወደ ጎን የወጣ፣ ውፍረቱ ከሚቆረጠው ቢያንስ ሲሶ የሚሆን ቅርንጫፍ ዘንድ ሲደርስ ነው የሚቆረጠው። ያ ጎነኛው አዲሱ ጫፍ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከዛፉ ሕያው ቅጠል ከሩብ በላይ አታንሱ። ሽማግሌ ዛፍ ከሆነ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበቃዋል።

ትልቅ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ሦስት ጊዜ ነው መጋዝ የሚነካው። የመጀመሪያው ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ሩብ ያህሉን ብቻ ይቆርጣል። ሁለተኛው ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ አልፎ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ቅርንጫፉ ይወድቃል። የታችኛው ቁርጥ ስላለ ልጡን እስከ ግንዱ ድረስ እየላጠ አይሄድም። ሦስተኛው የቀረውን ጉማጅ ማንሳት ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበት ቦታ ላይ ያበጠ አንገት አለ። መጋዙ ከአንገቱ ውጭ ይለፍ። አንገቱን ቆርጦ ከግንዱ ጋር ማስተካከል ለዓይን ያምራል፣ ለዛፉ ግን መርዝ ነው። ረጅም ጉማጅ መተውም መበስበስን ይጋብዛል።

ለምን እንደሆነ አሌክስ ሺጎ የተባለ አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ እጅግ ብዙ ዛፎችን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ አሳይቷል። ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉ አይሽርም። የተጎዳውን ክፍል አጥሮ ይዘጋውና በላዩ አዲስ እንጨት ይሠራል። አጥሩ የሚሠራው አንገቱ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ቁስሉን ቀለም፣ ሬንጅ ወይም ጭቃ መቀባትም አይጠቅምም።

አሁን ወደ አናት መቁረጥ። "ሽቦ ነክቷል፣ ከፍ ብሏል" እየተባለ የዛፉ አናት ከነቅርንጫፉ ይጎመዳል። ዛፉ በድንጋጤ ከቁርጡ ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን ቡቃያ ያወጣል። ቡቃያው በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የድሮው ቁመት ላይ ይደርሳል። የተጣበቀው ግን ልጡ አጠገብ ብቻ ነው፤ በታቹ ደግሞ የተቆረጠው አናት እየበሰበሰ ነው። አንድ አደጋ ልንቀንስ ብለን ሃያ ተከልን ማለት ነው። ቀድሞ የተቆረጠ ዛፍ ካለ እንደገና ከዚያው አትጎምዱት። በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ከቡቃያው ደካማውን እያነሱ፣ ጠንካራውንና የተራራቀውን እያስቀሩ ቅርጹን መመለስ ይቻላል። ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጉድጓዱን በሲሚንቶ መሙላት ደግሞ ደግ የሚመስል ክፉ ሥራ ነው። ድሮ በአውሮፓና በአሜሪካም ይሠራ ነበር፣ ትተውታል። ዛፉ በነፋስ ይወዛወዛል፣ ሲሚንቶው አይወዛወዝም። ውስጡን ይፍቃል፣ እርጥበት ይይዛል። በኋላ ዛፉን መቁረጥ ሲያስፈልግ ደግሞ መጋዙን ይሰብራል። ውሃው እንዲወጣ ተብሎ ግንዱን መብሳትም ያው ነው፤ ዛፉ የሠራውን አጥር ያፈርሳል። የበሰበሰውንም እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ በመሮ አትፈልፍሉ። ቆሻሻውን አውጡ፣ እሳት እንዳይነድበት ጠብቁ፣ በቃ።

ደካማ ባላ ያለው፣ መቁረጥ የማንፈልገው ዛፍ በብረት ገመድ ሊታሰር ይችላል። ገመዱ የሚታሰረው ከባላው እስከ ጫፉ ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛው ላይ ነው። ግንዱ ላይ መጠምጠም የለበትም፤ ዛፉ ሲወፍር ያንቀዋል። በትራፓኖ ተበስቶ፣ ቡሎን አልፎ፣ በሮንዴላና በዳዶ ይጠብቃል። ገመዱ እንዳይላላ ያህል ብቻ ይወጠር። በየዓመቱ ይታይ። ይህን የሠራ ልምድ ያለው ሰው ካልተገኘ አትሞክሩት። ጫፉን ማሳጠር ይሻላል። ለረጅም የዋርካ ቅርንጫፍ ከታች ምሰሶ ማቆምም አንድ መንገድ ነው። የምሰሶው አናት ሰፊና ለስላሳ ይሁን፣ ቅርንጫፉ ላይ አይታሰር።

ልጥ ውስጥ የተዋጠ የድሮ ሽቦ ወይም የማስታወቂያ ሚስማር ካለ ቆፍራችሁ አታውጡ። ከሁለቱ በኩል ቁረጡና የገባው ይቅር።

ሥሩን መንከባከብ ቀላል ነው። ግንዱን ያነቀውን ንጣፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ዙሪያውን ክፈቱ። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ቅጠል ወይም የተከተፈ ቅርንጫፍ አንጥፉ። ግንዱን ግን እንዳይነካ።

11. ከመጋዙ በፊት

ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍን ማንም በራሱ አይነካውም። ሽቦው ሦስት ሜትር ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ መብራት ኃይል መስመሩን ያጥፋ። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ "ልምድ አለኝ" የሚል ሰው አይቅደማችሁ። መሰላል ላይ ቆሞ የሞተር መጋዝ መያዝ፣ ብቻን መሥራት፣ ነፋስ ባለበት ቀን መሥራት ክልክል ይሁን። መንገዱን ሁለት ሰው ከሁለቱም በኩል ይዝጋ። ልጆች ለእንጨቱ ስለሚሮጡ ለነሱ ሌላ አንድ ሰው ይመደብ።

የመንገድ ዛፍ የግል አይደለም። ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሆነ አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

የጥንት ግንብ የነካ ሥር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ፋሲለደስ መዋኛ ላይ የዋርካው ሥር ግድግዳውን እንዴት እንዳቀፈው ያላየ የለም። ያ ሥር ድንጋዩን ገፍቷልም፣ ይዞታልም። ቢቆረጥ ውስጥ የገባው ክፍል በስብሶ ባዶ ይተዋል፣ ድንጋዩም ይላላል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። በቅርሶቹ አካባቢ ያለ ሥርና ግንድ የቅርስ ባለሙያና የዛፍ ባለሙያ አብረው ሳያዩት አይነካ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ፈቃድ ሲዘገይ በሌሊት ልጡን ዙሪያውን ልጦ ዛፉን ማድረቅ የሚሞክር ሰው አለ። ከሕያው ዛፍ ይልቅ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ይገድላል። ቅርንጫፉ ይሰባበራል፣ የሚወጣበት ሰው አይገኝም፣ ማውረጃው ወጪም ይጨምራል።

12. መቁረጥ ካለበት

ሥሩ መነቀል የጀመረ፣ ፊትና ኋላ የተሰነጠቀ፣ ግድግዳው የሳሳ፣ በታቹ ደግሞ ሰው የማይጠፋበት ዛፍ ይቆረጥ። ከተማ ውስጥ ከላይ ጀምሮ በገመድ እየታሰረ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚወርደው። የአደጋ ክልሉ ቢያንስ የዛፉ ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ሲወርድ የግንዱን ቁርጥ ፎቶ አንሱ። በመዶሻ የሰማችሁትና ውስጡ ያለው ይመሳሰል እንደሆነ ማየት ለሚቀጥለው ዛፍ ትምህርት ነው።

ምትኩን በዚያው ክረምት ትከሉ። ሽቦ ካለ ቁመቱ አጭር የሚሆን ዝርያ፣ ቦታው ሰፊ ከሆነ ዋንዛ ወይም ወይራ። ጉድጓዱ የችግኙን አፈር ሁለትና ሦስት እጥፍ ይስፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከአፈሩ አይበልጥ። የሥሩ መነሻ ከመሬት በላይ ይታይ። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ችግኙ ሁለት መሪ ግንድ አውጥቶ ከሆነ ደካማውን በመቀስ አንሱለት፤ በዚያ ዕድሜ ቁስሉ ከጣት አይወፍርም። ቁጥሩን፣ የተተከለበትን ቀንና ውሃ የሚያጠጣውን ሰው በደብተሩ ላይ ጻፉ።